አሮጌ ላፕቶፕን ማደስ፦ መጀመሪያ ዲስኩን ተመልከቱ

ላፕቶፕ ሲያረጅ ሁለመናው እኩል አያረጅም። የዛሬ ስምንት ዓመት የተሠራ ፕሮሰሰር ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ኢንተርኔት ለመጠቀም፣ ቪዲዮ ለማየት ዛሬም በቂ ጉልበት አለው። የሚያንቀራፍፈው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ወይ ዲስኩ ነው፣ ወይ የራም (ሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዘው ሜሞሪ) ማነስ ነው፣ ወይ በአቧራ የታፈነ ማራገቢያ ነው። ሦስቱም በአንድ ካቻቪቴና በግማሽ ቀን ትዕግሥት የሚስተካከሉ ናቸው።

ብዙ ሰው ግን ቀድሞ ራም ይገዛል። ራሙ ይገባል፣ ላፕቶፑ ግን ያው ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ማሽኑ የቱ ጋ እንደሚያነክስ ለዩ።

ሕመሙን መለየት

ላፕቶፑን አብሩና እንደ ወትሮው ሥሩበት። ብሮውዘሩን ክፈቱ። በአዘቦት ቀን የምትከፍቷቸውን ታቦች ሁሉ ክፈቱ። ስታክ ማድረግ ሲጀምር ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። እዚያ ውስጥ ‹ፐርፎርማንስ› የሚለውን ምረጡ።

ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ፕሮሰሰሩ 15 ወይም 20 ላይ ከተኛ፣ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ሜሞሪው ያለማቋረጥ ከ90 ፐርሰንት በላይ ከሆነ ራም አንሷል። ሁለቱም ደህና ሆነው ማራገቢያው እየጮኸ፣ ከሥር ያለው ፕላስቲክ ጭን የሚያቃጥል ከሆነና የፕሮሰሰሩ ፍጥነት እየወረደ ከሄደ ደግሞ ችግሩ ሙቀት ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ሳላችሁ ሌላም የሚጠቅም ነገር አለ። ከዲስኩ ስም ሥር ‹ኤችዲዲ› (የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ) ወይም ‹ኤስኤስዲ› (የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ተብሎ ተጽፏል። ሜሞሪው ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ያሳያችኋል። ሁለት ኖሮት አንዱ ብቻ ከተያዘ ጥሩ ዜና ነው። የራሙ ዓይነት ‹ሶዲም› ከሆነ የሚወጣና የሚገባ ነው። በዚያ ፈንታ ‹ሮው ኦፍ ቺፕስ› የሚል ካያችሁ ራሙ ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየደ ነው፤ አይነቀልም። እንዲህ ሲሆን ትርፍ ማስገቢያ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ከሞዴሉ የጥገና ማኑዋል አረጋግጡ።

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉት። የላፕቶፑን ትክክለኛ ሞዴልም ጨምሩ። ሞዴሉ ከሥር በተለጠፈው ስቲከር ላይ ይገኛል። ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ በዚያ ሞዴል የጥገና ማኑዋሉን አውርዱ። የትኛው ብሎን የት እንዳለ፣ ምን ዓይነት ዲስክና ራም እንደሚቀበል የሚነግራችሁ እሱ ነው። ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ሁለት ሞዴሎች ውስጣቸው ሊለያይ ስለሚችል በግምት አትግዙ።

ከመፍታታችሁ በፊት ፋይላችሁን አስቀምጡ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ፎቶ፣ ሰነድ፣ የብሮውዘር ፓስወርዶች፣ ዴስክቶፕ ላይ የተከማቸው ሁሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ ወይም ወደ ክላውድ ይገልበጥ። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ከውጫዊው ዲስክ ላይ አምስት ስድስት ፋይል ከፍታችሁ እዩ። ያልተከፈተ ባክአፕ ገና ባክአፕ አይባልም።

ሁለተኛው ነገር የቢትሎከር፣ ማለትም የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ቁልፍ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ዲስካቸውን በራሳቸው ይቆልፋሉ፤ ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ላፕቶፑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ስታድሱ ወይም ዕቃ ስትቀይሩ ዊንዶውስ አንድ ሰማያዊ ገጽ አምጥቶ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ ከሌለ ፋይሉም የለም። እኔ የእህቴን ላፕቶፕ ባዮስ ያደስኩ ዕለት ይህ ገጽ መጣብኝ። የልጆቿ ፎቶ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። እሷ ስለ ቁልፉ ሰምታ አታውቅም። እኩለ ሌሊት ድረስ ከፈለግን በኋላ፣ ድሮ በከፈተችውና በረሳችው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው። ያን ሌሊት ፊቷን አይቻለሁና፣ ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ወረቀት ላይ ሳይጻፍ ካቻቪቴ አላነሳም። እናንተም የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ቁልፉ መኖሩን ተመልከቱ፣ ጻፉት፣ ከላፕቶፑ ውጭ አስቀምጡት።

ምን ዓይነት ኤስኤስዲ?

የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። በላፕቶፖች ውስጥ በብዛት የሚገኘው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። የሚያነበው ክንድ ከአንድ ፋይል ወደ ሌላው ለመድረስ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ትንሽ ይመስላል። ግን ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው በሺህ የሚቆጠሩ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ነው። ክንዱ ለእያንዳንዱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። አንዱን ፋይል ለማግኘት የሚፈጅበት 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ልዩነቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሁለት ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ማሽን በሃያ ሰከንድ ሲነሳ ያየ ሰው ላፕቶፑ የተቀየረ ይመስለዋል።

ከ2015 በፊት በተሠሩ አብዛኞቹ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (የቆየው የዲስክ ማገናኛ ዓይነት) ኤስኤስዲ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 7 ሚሊሜትር ነው። የድሮው ዲስክ 9.5 ሚሊሜትር ከነበረ አዲሱ ቦታው ላይ ይላላል። አንዳንድ ጊዜ ከኤስኤስዲው ጋር የሚመጣውን የፕላስቲክ ክፈፍ አልብሱት።

አዲስ የሚባሉት ደግሞ የማስቲካ ጥቅል የሚያህል ኤም.2 ካርድ ይቀበላሉ። በብዛት የሚታየው ‹2280› የሚባለው ነው፤ ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤም.2 የቅርጹ ስም ነው። ውስጡ ሳታ ሊሆን ይችላል፣ ከሳታ የሚፈጥነው ኤንቪኤምኢም ሊሆን ይችላል። አንዱን ብቻ የሚቀበል ማስገቢያ ላይ ሌላውን ብትሰኩ ልክ ሊገጥም ይችላል፤ ላፕቶፑ ግን አያየውም። ማኑዋሉን ተመልከቱ ያልኩት ለዚህ ነው።

ፍጥነታቸውስ? ሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ኤንቪኤምኢ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሄዳል። ግን በእለት ተእለት ሥራ ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ስትሄዱ የሚሰማችሁን ያህል ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ስትሄዱ አይሰማችሁም። ማሽናችሁ ሳታ ብቻ ከተቀበለ ቅር አይበላችሁ።

ፋይላችሁንና ፕሮግራሞቻችሁን እንዳሉ ለማዛወር ከፈለጋችሁ አዲሱን ዲስክ በዩኤስቢ መቀየሪያ ገመድ ሰክታችሁ ክሎን ማድረግ፣ ማለትም የድሮውን ዲስክ እንዳለ መገልበጥ፣ ትችላላችሁ። ብዙዎቹ የኤስኤስዲ አምራቾች የራሳቸውን የክሎን ፕሮግራም በነፃ ይሰጣሉ። ክሎንዚላ የሚባለውም ነፃ ነው፤ ግን ገጹ ለጀማሪ ትንሽ ያስፈራል። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ እንደ አዲስ መጫኑን እመርጣለሁ። ዓመታት የተጠራቀመ ኮተት ወደ አዲስ ቤት ይዞ መግባት ምን ያደርጋል?

መፍታት

ንጹሕ ጠረጴዛ፣ ጥሩ ብርሃን፣ ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቪቴ፣ ስስ የፕላስቲክ ካርድ። ምንጣፍ ላይ አትሥሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ያልተቀባ ብረት ንኩ፤ በሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ራምን ሊያበላሽ ይችላል።

ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ማስተኛት አይበቃም። ቻርጀሩን ንቀሉ።

አሁን አንድ ወረቀት ውሰዱና የላፕቶፑን ጀርባ ሳሉበት። ብሎን በፈታችሁ ቁጥር በሥዕሉ ላይ በትክክለኛ ቦታው በፕላስተር ለጥፉት። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባችሁት ጫፉ ኪቦርዱን ከሥር ይወጋዋል ወይም ማዘርቦርዱን ይጎዳዋል። ሁሉንም ብሎን ፈትታችሁ ክዳኑ አልነቃነቅ ካለ ጉልበት አትጨምሩ። ከጎማ እግሮቹ ወይም ከስቲከር ሥር የተደበቀ ብሎን አለ ማለት ነው። እሱም ከወጣ በኋላ የፕላስቲክ ካርዱን በስንጥቁ አስገብታችሁ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ሂዱ። ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። የተሰበረ ሊመስላችሁ ይችላል፤ አይደለም። መያዣዎቹ እየለቀቁ ነው።

ክዳኑ ሲነሣ የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን ሶኬት ከማዘርቦርዱ ማላቀቅ ነው። ገመዱን አትጎትቱ፤ ሶኬቱን ራሱን በጥፍር ግፉት። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል።

አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ወደ ዲስኩ ለመድረስ ኪቦርዱን ማንሳት ግድ ይላል። እዚያ እንደ ሪባን የሳሳ ገመድ ይገጥማችኋል። ገመዱን የያዘው ሶኬት ላይ እንደ ሽፋሽፍት የቀጠነች ጥቁር ወይም ነጭ መቆለፊያ አለች። መጀመሪያ እሷ በጥፍር ቀና ትበል፤ ከዚያ ገመዱ ያለ ምንም ትግል ይወጣል። እየታገላችሁ ከሆነ መቆለፊያዋ ገና አልተከፈተችም። እሷ ከተሰበረች ማዘርቦርዱ ራሱ ጥገና ይፈልጋል፤ ትንፋሻችሁን ሰብስባችሁ ሥሩ።

ዲስክና ራም መቀየር

ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ በሁለት ወይም በአራት ብሎን የታሰረ ነው። ፈታችሁ ወደ ጎን ስታንሸራትቱት ይወጣል። የብረት ማቀፊያውን ወደ አዲሱ አዛውሩና በመጣበት መንገድ መልሱት። ኤም.2 ከሆነ ካርዱን አጋደል አድርጋችሁ አስገቡ፣ ጫፉን ወደ ታች ጫን አድርጉ፣ በትንሿ ብሎን እሰሩት።

ራምን ለማውጣት በግራና በቀኝ የያዙትን የብረት ክንዶች ወደ ውጭ ግፉ። ራሙ ራሱ ብድግ ይላል። አዲሱ ሲገባ በግምት 30 ዲግሪ አጋድላችሁ፣ የወርቃማው ጠርዝ መስመር እስኪጠፋ ድረስ ገፍታችሁ፣ ከዚያ ወደ ታች ተጫኑት። ክንዶቹ ጠቅ ብለው መያዝ አለባቸው። ላፕቶፑ ተበርቶ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ወይም ቢፕ ቢፕ ካለ አትደንግጡ፤ ከአስር ዘጠኙ ራሙ እስከ መጨረሻው አልገባም ማለት ነው። አውጥታችሁ መልሱት።

ሲገዙ የራሙን ትውልድ፣ ማለትም ዲዲአር3 ወይም ዲዲአር4 መሆኑን፣ ማወቅ ግድ ነው። ዲዲአር3 ዲዲአር4 ማስገቢያ ላይ አይገባም፤ ጉርዱ ያለበት ቦታ ይለያያል። ዲዲአር3 ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ተራው በ1.5 ቮልት ይሠራል። ‹ኤል› የሚል ፊደል ያለበት ደግሞ በ1.35 ቮልት ይሠራል። ከ2013 ወዲህ የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች የሚቀበሉት ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ተራውን ብትሰኩ አይነሱም።

ስንት ይበቃል? ዛሬ 8 ጊጋባይት ዝቅተኛው ነው እላለሁ። 16 ካገኛችሁ ለብዙ ዓመት አታስቡበትም። ሁለት እኩል ራም ማድረግ አንድ ትልቅ ከማድረግ ይሻላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ፍጥነት ይጨምራል። በተለይ የራሱ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ ይህ በደንብ ይታያል፤ ስክሪኑ ራሙን ስለሚጋራ። አንድ ማስታወሻ ልጨምር፤ የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለውን አይጠቀምበትም። መጀመሪያ ወደ 64 ቢት መሄድ አለበት።

ፕሮሰሰሩንስ እንቀይር የሚሉ አሉ። ባለፉት አሥር ዓመታት በተሠሩ ላፕቶፖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ ፕሮሰሰሩ የተበየደ ነው። ተውት።

አቧራና ሙቀት

ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር ማራገቢያውን ተመልከቱ። በማራገቢያውና በመዳቡ ፍርግርግ መካከል ብዙ ጊዜ እንደ ድሪቶ የተጣፈ ግራጫ አቧራ ይገኛል። ከውጭ አይታይም። አየሩ በዚያ ማለፍ ስለማይችል ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ‹ላፕቶፔ አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ይደክማል› የሚሉ ሰዎች የብዙዎቹ ምክንያት ይህ ነው። አቧራውን በትዊዘር ልቀሙ፤ የቀረውን በለስላሳ ብሩሽና በታመቀ አየር አውጡ። አየሩን ስትነፉ የማራገቢያውን ክንፍ በጣት ያዙት። ካልያዛችሁት ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ሊበላሽ ይችላል።

ከአራት አምስት ዓመት በላይ የቆየ ከሆነ የፕሮሰሰሩን ፔስትም፣ ማለትም ሙቀቱን ወደ መዳቡ የሚያስተላልፈውን ቅባት፣ ቀይሩለት። መዳቡን የያዙት ብሎኖች አጠገብ ብዙ ጊዜ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር አለ። ስትፈቱ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ስታጠብቁ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሂዱ። አንዱን እስከ መጨረሻ ከማጥበቅ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ አብራችሁ አምጧቸው። የደረቀው ፔስት እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ። 90 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። አዲሱ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ይበቃል። ሌሎቹ ቺፖች ላይ ያሉትን ለስላሳ ፓዶች ግን አትንኩ፤ በፔስት አይተኩም።

ባትሪውንም እግረ መንገዳችሁን እዩት። ያበጠ ከሆነ፣ ማለትም ታችፓዱ ወደ ላይ ከተገፋ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ እኩል አልቀመጥ ካለ፣ ሥራው እዚያው ይቁም። ቻርጅ አታድርጉት፣ አትውጉት፣ አትጫኑት። ሊቲየም ባትሪ ሲቀደድ እሳት ያስነሳል። እንደ ተራ ቆሻሻም አይጣልም። የሚበላሽ ሌላ ነገር ሁሉ ሊጠገን ይችላል፤ ይህ ግን ሰው ይጎዳል።

ሶፍትዌሩ

ሁሉንም ከመዝጋታችሁ በፊት ባትሪውን ሰክታችሁ ላፕቶፑን አንድ ጊዜ አብሩት። ኤፍ2 ወይም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግማችሁ በመጫን ባዮስ ውስጥ ግቡ። አንዳንዱ ማሽን ኤፍ10ን ይፈልጋል። አዲሱ ዲስክና ሙሉው ራም እዚያ ከታየ ክዳኑን ግጠሙ።

ከዚያ ጥያቄው የትኛውን ሲስተም እንጫን የሚለው ነው። የዊንዶውስ 10 ነፃ መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ማሽኑ መሥራቱን አያቆምም። ግን አዲስ የተገኘ የደኅንነት ቀዳዳ እንደ ድሮው አይደፈንለትም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክና በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ለኢንቴል በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። የእናንተ ከዚያ በላይ ከሆነና ‹ቲፒኤም የለም› ካለ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ክፈቱት። ከዚያ በታች ከሆነ መስፈርቱን በጓሮ በር አልፎ መጫን ይቻላል፤ ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ዝመና እንደሚሰጥ ዋስትና አይሰጥም። ባንክና ኢሜይል በምትገቡበት ላፕቶፕ ላይ እኔ አልመክረውም።

ለእነዚያ ማሽኖች ሊኑክስ ሚንት የሚባል ነፃ ሲስተም አለ። ገጹ ለዊንዶውስ ሰው እንግዳ አይደለም። 2 ጊጋባይት ራም መነሻው ነው፤ 4 ካለ ይመቸዋል። ለደከመ ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለ ዓይነቱ ይሻላል። 22ኛው ዕትም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው። ከሁሉ የምወድለት ግን ሳይጫን መሞከር መቻሉ ነው። ከዩኤስቢ ፍላሽ ላይ ተነስቶ ይሠራል። በዚያ ሰዓት ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ የስክሪን ብርሃኑን፣ ፕሪንተሩን አንድ በአንድ ፈትሹ። ክዳኑን ዝጉና ክፈቱ፤ ተኝቶ ይነሳል? ሁሉም ከሠራ ጫኑት። የማይክሮሶፍት ኦፊስ የዴስክቶፕ ፕሮግራምና የአዶቢ ፕሮግራሞች ግን ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይጫኑም። እንጀራችሁ በእነሱ ላይ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ቆዩ።

የመጫኛ ፍላሹ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይሁን። ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ለዊንዶውስ የማይክሮሶፍትን የራሱን ማዘጋጃ፣ ለሊኑክስ ሩፈስ ወይም ኤቸር የሚባሉትን የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች ተጠቀሙ። ፋይሉን ከዋናው ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ12ን ወይም አምራቹ የመደበውን ቁልፍ ተጭናችሁ ፍላሹን ምረጡ። ዊንዶውሱ ቀድሞ በሕጋዊ መንገድ የነቃ ከነበረ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ነው። ያንኑ ዓይነት፣ ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ ስትጭኑ ከኢንተርኔት ሲገናኝ ራሱ ይነቃል።

ከተጫነ በኋላ ዝመናዎቹን ሁሉ አስጨርሱ። ድራይቨር (ሲስተሙን ከላፕቶፑ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ከአምራቹ ድረ ገጽ ውሰዱ። ታስክ ማናጀር ውስጥ ‹ስታርትአፕ› የሚለውን ከፍታችሁ ከላፕቶፑ ጋር አብረው የሚነሱትን የማትፈልጓቸውን ፕሮግራሞች አጥፉ። ‹ኮምፒውተርዎን በአንድ ክሊክ ያፍጥኑ› የሚሉ ፕሮግራሞችን አትጫኑ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ሸክም ናቸው። ኤስኤስዲንም ዲፍራግ ማድረግ (የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮችን ማሰባሰብ) አያስፈልግም፤ ያለ ጥቅም ያደክመዋል። ዊንዶውስ የሚያስፈልገውን ራሱ ያደርጋል።

የወጣውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ለአንድ ወር ያህል ሳትነኩት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። ባክአፕ ስታደርጉ የረሳችሁት አንድ ፎልደር ሁሌም አይጠፋም። ወሩ ሲያልፍ በዩኤስቢ ማቀፊያ ውስጥ አስገብታችሁ ፎርማት አድርጉትና የአዲሱ ዲስክ ሳምንታዊ ባክአፕ ማስቀመጫ አድርጉት።